የውኃ ዳር ደን ዋጋ፤ ከማንግሮቭ ደን እስከ ግራና ወንዝ ዳር

በባሕር ጠረፍ ላይ የሚበቅለው የማንግሮቭ ደን ከጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ የዕፅዋትንና የምጣኔ ሀብትን ሊቃውንት አሳብ በእጅጉ ስቧል። አገራችን ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ይህ ነገር እኛን አይመለከትም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ነገሩ በእርግጥ የሚመለከተን መሆኑን ማስረዳት ነው። ማንግሮቭ በባሕር ዳር የሚሠራውን ሥራ በሰሜን ወሎ፥ በሀብሩ ወረዳ፥ በግራና ሸለቆ የወንዝ ዳር ዛፍ ይሠራዋል። የማንግሮቭ ዋጋ በሒሳብ ሲመረመር የተገኘው ትምህርትም ለግራና ገበሬ በቀጥታ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ስለዚህ በመጀመሪያ ስለ ማንግሮቭ ጠባይና ዋጋ፥ ቀጥሎ ስለ ግራና ወንዝ ዳር፥ በመጨረሻም ስለ አጠባበቁ እንገልጻለን።

1. ማንግሮቭ ምንድን ነው?

ማንግሮቭ የአንድ ዛፍ ስም አይደለም። በሞቃት አገሮች፥ የባሕር ውኃ እየሞላ በሚሸሽበት ጭቃማ ጠረፍ ላይ የሚበቅሉ፥ ከልዩ ልዩ ዘር የሆኑ ወደ 70 የሚጠጉ ዛፎችና ቍጥቋጦዎች የጋራ መጠሪያ ነው። እነዚህ ዕፅዋት ሌላውን ዛፍ የሚያደርቀውን ጨው መቋቋም ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ ጨውን በሥሮቻቸው ያግዱታል፥ ሌሎቹም በቅጠላቸው ያስወጡታል። ጭቃው አየር ስለሌለው ሥሮቻቸውን እንደ ችካል ከጭቃው በላይ አቁመው በእነርሱ ይተነፍሳሉ። ፍሬው ገና ከእናቱ ቅርንጫፍ ሳይለይ የሚያቈጠቍጥ ዓይነትም አለ፤ ችግኙ እንደ በሰለ ይወድቅና ወይ እዚያው ይተከላል፥ ወይ ውኃው ወደ ሌላ ዳርቻ ይወስደዋል።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ባወጣው የደን ቈጠራ መሠረት በ113 አገሮች ውስጥ ወደ 14.8 ሚሊዮን ሔክታር የሚሆን የማንግሮቭ ደን ይገኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ያለው በኢንዶኔዥያ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን በቀይ ባሕር ዳር፥ በምፅዋ አካባቢ ያለው ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ. ም. ነጻ መንግሥት እስከ ሆነች ድረስ ይህ ጠረፍ በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ይቈጠር ነበር። በዚያ በብዛት የሚታየው በሳይንስ ስሙ አቪሴንያ ማሪና የተባለው ዝርያ ሲሆን፥ ቅጠሉን ግመሎችና ፍየሎች ይበሉታል።

በዚህ ጠረፍ ላይ የተደረገ አንድ ሥራ በተለይ ሊጠቀስ ይገባል። የጃፓን ትውልድ ያለው አሜሪካዊው የሕይወት ሳይንስ ሊቅ ጎርደን ሳቶ ከምፅዋ በስተ ደቡብ በምትገኘው በሕርጊጎ መንደር ማንግሮቭ ለማልማት ተነሣ። ሥራውንም በልጅነቱ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ከቤተ ሰቡ ጋር በታሰረበት ሰፈር ስም «ማንዛናር» ብሎ ሰየመው። ሳቶ አስቀድሞ የመረመረው፥ ማንግሮቭ በአንዱ ቦታ በቅሎ በሌላው ለምን እንደማይበቅል ነው። ባደረገውም ማስተዋል ዛፎቹ የሚገኙት የዝናም ወራት ጐርፍ ወደ ባሕሩ በሚገባበት ስፍራ መሆኑን አገኘ። ጐርፉ ከደጋው ናይትሮጅን፥ ፎስፎረስና ብረት ይዞ ይወርዳል፤ የባሕሩ ውኃ ብቻውን ግን እነዚህን በበቂ መጠን አይሰጥም። ስለዚህ ሳቶ ማዳበሪያ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ፥ ከረጢቱን ጥቂት በስቶ ከችግኙ አጠገብ በመቅበር ባዶ በነበረው ጠረፍ ላይ ዛፍ አበቀለ። ቅጠሉና ፍሬውም ለበግና ለፍየል መኖ ሆነ።

ከዚህ የምንረዳው የባሕር ዳር ደን ከደጋው ጐርፍ የሚኖር መሆኑን ነው። ጐርፍ የሚያመጣው ጥፋትን ብቻ አይደለም፤ ሀብትም ይዞ ይወርዳል። ጥያቄው ያን ሀብት በመንገዱ ላይ የሚይዘው አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

2. የማንግሮቭ ዋጋ በሒሳብ ሲታይ

ባለፉት አሥርት ዓመታት በእስያ ብዙ የማንግሮቭ ደን ተመንጥሮ የሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ ተቈፍሮበታል። ሽሪምፕ በውጭ ገበያ ውድ ስለ ሆነ ሥራው አትራፊ መስሎ ይታያል። የምጣኔ ሀብት ሊቅ የሆነው ኤድዋርድ ባርቢየር በታይላንድ ይህን ትርፍ ከደኑ ጥቅም ጋር አነጻጽሮ ሠርቶታል። የዘጠኝ ዓመት ጥቅም በአንድ ጊዜ ዋጋ ተመልሶ ሲሰላ፥ አንድ ሔክታር የሽሪምፕ ኩሬ ለባለቤቱ እስከ 9,632 የአሜሪካ ዶላር ያስገኛል። ከዚህ ውስጥ ግን 8,412 ዶላሩ መንግሥት በድጎማ የሚሰጠው ነው። ድጎማው ሲቀነስ እውነተኛው ትርፍ 1,220 ዶላር ብቻ ይሆናል።

ደኑ ሳይቈረጥ ቢቀርስ? እንጨቱና ሌላው ከደኑ የሚለቀመው ነገር 584 ዶላር፥ ደኑ ለዓሣ መራቢያ በመሆኑ የሚሰጠው ጥቅም 987 ዶላር፥ ጠረፉን ከማዕበል በመጠበቅ የሚሰጠው ጥቅም 10,821 ዶላር፥ በድምሩ 12,392 ዶላር ይሆናል። ከዚህም በላይ ኩሬው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በበሽታና በዐፈሩ መበላሸት ምክንያት ሲተው፥ ቦታውን እንደገና ደን ለማድረግ እስከ 9,318 ዶላር ወጪ ይጠይቃል።

እነዚህን ቍጥሮች በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። ከደኑ ጥቅም ውስጥ ከመቶ 87 እጅ የሚሆነው ጠረፉን መጠበቁ ነው። ይህ ጥቅም ገበያ አይወጣም፥ በሚዛን አይመዘንም፥ ደረሰኝም አይቈረጥለትም። በገበያ ዋጋ ያለው እንጨቱ ግን ከመቶ 5 እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ደኑን በእንጨቱ ዋጋ ብቻ የሚገምተው ሰው ከሃያ እጅ አንዱን ብቻ ቈጥሮ አሥራ ዘጠኙን ይረሳል። ሁለተኛም ነገር አለ። የኩሬው ትርፍ ለአንድ ሰው ይሰበሰባል፤ የደኑ ጥቅም ግን በጠረፉ መንደሮች ሁሉ ላይ ይከፋፈላል። አንዱ ባለ ኩሬ የሚያገኘውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሚጐዱት ብዙ ሰዎች ግን እያንዳንዳቸው ያጡትን አያውቁትም።

በቬትናምም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ቀይ መስቀል በሰሜን ቬትናም ጠረፍ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1994 ጀምሮ 12,000 ሔክታር ያህል ማንግሮቭ በማስተከሉ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ሆኗል። ከበስተ ኋላው ያለውን የባሕር መከላከያ ግድብ ለመጠገን ይወጣ ከነበረው ግን በየዓመቱ 7.3 ሚሊዮን ዶላር እንደ ተቈጠበ ተነግሯል።

3. የግራና ሸለቆና ወንዞቹ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ግራና በቀድሞው የአስተዳደር ክፍል በወሎ ጠቅላይ ግዛት በየጁ አውራጃ፥ ዛሬ ደግሞ በሰሜን ወሎ ዞን በሀብሩ ወረዳ የሚገኝ ሸለቆና ከተማ ነው። የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ይገኛል። ሀብሩ በደቡብ በሚሌ ወንዝ፥ በምዕራብ በጉባ ላፍቶ ወረዳ፥ በምሥራቅ በአፋር ክልል ይዋሰናል።

የአገሩ አቀማመጥ የነገሩን ምክንያት ያስረዳል። በምዕራብ ያለው ደጋ ከፍ ብሎ ቆሞ፥ በአጭር ርቀት ውስጥ ወደ ቈላው ቍልቍል ይወርዳል። ወንዞቹ አጫጭሮችና ፈጣኖች ናቸው። በበልግና በክረምት ደጋው ላይ ዝናም ሲጥል ጐርፉ ድንጋይና አሸዋ እያንከባለለ በድንገት ይደርሳል፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ኃይሉ ይቀንስና የያዘውን ያራግፋል። የሸለቆው ለም ዐፈር የተገኘው ከዚህ ነው። ገበሬው ወንዝ ጠልፎ በመስኖ ማልማትን ከጥንት ያውቃል፤ ማሽላና ጤፍ፥ በቆሎና ሽንኩርት፥ ማንጎና ብርቱካን በዚህ ሸለቆ ይበቅላሉ። በኋላም የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውኃን ጭምር ለመስኖ ለማዋል ተቋቁሟል።

የሀብሩ ውኃ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ አፋር ቈላ የሚወርድ ነው። የሚሌ ወንዝ ከአዋሽ ይቀላቀላል፥ አዋሽም አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ስለዚህ ከየጁ ደጋ ታጥቦ የሚወርደውን ዐፈር በባሕር ጠረፍ ቆሞ የሚቀበለው ማንግሮቭ የለም። ሊይዘው የሚችለው በመንገዱ ዳርና ዳር የቆመው ዛፍ ብቻ ነው።

በወሎ ቈላና ወይና ደጋ ወንዞች ዳር ሾላና ዋርካ፥ ዋንዛና ቍርቍራ፥ ግራርና አኻያ፥ ከበታችም ሸምበቆና ልዩ ልዩ ሣር ይበቅላሉ። ሥራቸውም ከማንግሮቭ ሥራ ጋር በጣም ይመሳሰላል። አንደኛ፥ ሥሮቹ የወንዙን ዳር እንደ መረብ አስተሳስረው ይይዙታል። ሁለተኛ፥ ግንዱና ሣሩ ከወንዙ የፈሰሰውን ጐርፍ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ፍጥነቱ የቀነሰ ውኃም ደለሉን ለማሳው ጥሎ ያልፋል። ሦስተኛ፥ ቅጠሉና ፍሬው በበጋ፥ ሣር ሁሉ በደረቀ ጊዜ፥ ለከብት መኖ ይሆናል፤ አበባው ንብን ይቀልባል። አራተኛ፥ የመስኖው ጠለፋ አፍ ጸንቶ እንዲቆይ ያደርጋል። ዳሩ የተሸረሸረ ወንዝ መንገዱን ሲለውጥ ወይም ወለሉ ሲጐደጕድ ቦዩ ከውኃው በላይ ቀርቶ ይደርቃልና።

4. የሚጠፋው ጥማድ

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥቅም ካለው ዛፉ ለምን ይቈረጣል? መልሱ በታይላንድ ካየነው የተለየ አይደለም። ዛፉን የሚቈርጠው ሰው አላዋቂ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሚያገኘው ነገር ዛሬ በእጁ የሚገባ፥ የሚታጣው ግን ነገ ከብዙ ሰው ላይ የሚወሰድ ስለ ሆነ ነው። ማገዶና ከሰል ይሸጣል፤ የቤት መሥሪያ እንጨት ይፈለጋል፤ ሁለት ሦስት ትልም ወደ ወንዙ ገፋ ብሎ ለማረስ ዳሩ ይመነጠራል። ለሕንፃ ሥራ አሸዋና ድንጋይ ከወንዙ ሲዛቅም ዳሩ መሠረቱን ያጣል።

ጕዳቱን ለመገመት አንድ ቀላል ሒሳብ እናቅርብ። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሔክታር ማለት 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ ከወንዝ ጋር በ100 ሜትር ርዝመት የሚዋሰን ማሳ አለው እንበል። ዛፉ ከተቈረጠ በኋላ ጐርፉ በየዓመቱ አንድ ሜትር ስፋት ቢገምስበት በዓመት 100 ካሬ ሜትር ያጣል። ይህ በዓይን ሲታይ ጥቂት ነው፤ በአንድ ክረምት ከጎረቤት ጋር እንኳ የሚያነጋግር አይሆንም። በ25 ዓመት ግን 2,500 ካሬ ሜትር፥ ማለት አንድ ሙሉ ጥማድ ወንዙ ውስጥ ገባ ማለት ነው። 25 ዓመት አንድ ልጅ ተወልዶ፥ አድጎ፥ ጐጆ የሚወጣበት ጊዜ ነው። አባትዬው ለልጁ ሊያካፍለው የሚችለው መሬት ልጁ እስኪያድግ ድረስ ወደ አፋር ወርዷል። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ጥማዱ ተጽፎ ይገኛል፤ መሬቱ ግን የለም።

በአንጻሩ ዛፉ የተሸጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተሸጠበት ገንዘብ በዚያው ዓመት ያልቃል፤ የማሳው ምርት ግን ቢቆይ ኖሮ በየዓመቱ፥ በመስኖ ከሆነም በዓመት ሁለት ጊዜ ይገኝ ነበር። ከማንግሮቭ የተማርነው በዚህም ይጸናል፤ የማይሸጠው ጥቅም ከሚሸጠው ይበልጣል።

5. ገበሬው የሚያነሣቸው ተቃውሞዎች

ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ ማየት አይገባም። ዛፍ ያጠላል፤ ከጥላው ሥር ያለው ማሽላ ይቀጭጫል። ዛፍ ውኃ ይጠጣል፤ በተለይ በበጋ ወንዙ ሲቀጥን ይህ ይታወቃል። ሸምበቆና እሾሃማ ቍጥቋጦ ጥቅጥቅ ብሎ ሲያድግ የግሪሳ ወፍ ማደሪያ ይሆናል፤ ግሪሳ በማሽላ ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት የቈላ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። እነዚህ ተቃውሞዎች እውነት ናቸው፤ በስብከትም አይመለሱም።

መልሳቸው የዛፉን ዓይነትና ቦታ በመምረጥ ላይ ነው። ከወንዙ ጠርዝ ላይ ሥሩ የሚያስተሳስር ሣርና አኻያ፥ ከእርሱ ጀርባ ፍሬና መኖ የሚሰጥ ዛፍ አራርቆ መትከል ጥላውንም የግሪሳውንም ማደሪያ ይቀንሳል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ቢያድግም ውኃ አብዝቶ ስለሚስብ ለመስኖ ወንዝ ዳር አይመከርም። ከውጭ የመጣ ዛፍ ሳይመረመር መትከል ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ጎረቤታችን አፋር ምስክር ነው፤ ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ ይጠቅማል ተብሎ ገብቶ ሰፊ የግጦሽ መሬት ወርሷል። በፊሊፒንስም የማንግሮቭ ችግኝ በተፈጥሮው በማይበቅልበት ስፍራ ብዙ ጊዜ ተተክሎ አብዛኛው ሞቷል። መጠየቅ ያለበት ስንት ችግኝ ተተከለ ተብሎ ሳይሆን ስንቱ ጸደቀ፥ ስንት ዳር ያዘ ተብሎ ነው።

ዛፍ ብቻውን ሁሉን ይችላል ለማለትም አይደለም። ጐርፉ እጅግ በበረታበት መታጠፊያ ላይ በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ካብ ያስፈልጋል። ከላይ ያለው ተራራ ራቍቱን ከሆነም ታች ያለው ዛፍ ጐርፉን አይችለውም፤ እርከንና ከልቅ ግጦሽ የተከለለ ተዳፋት ከወንዝ ዳሩ ዛፍ ጋር አንድ ሥራ ናቸው።

6. ስለ አጠባበቁ

የመጀመሪያው ችግር የባለቤትነት ነው። በወንዝ ዳር ማሳ ያለው ገበሬ ዛፉን ቢያቆይ ጥላውንና የቀረበትን ትልም ብቻውን ይሸከማል፤ ጥቅሙ ግን ከበታቹ ላሉት የመስኖ ተጠቃሚዎች ሁሉ ይደርሳል። ስለዚህ ዛፍ አትቍረጥ ብሎ እርሱን ብቻ ማዘዝ ፍትሕ አይሆንም።

በኬንያ ደቡባዊ ጠረፍ በጋዚ መንደር የተደረገው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ሚኮኮ ፓሞጃ» የተባለው የመንደሩ ማኅበር በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2013 ጀምሮ 117 ሔክታር ማንግሮቭ ይጠብቃል። ደኑ ከአየር የሚያስቀረው ካርቦን በውጭ ገበያ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ለመንደሩ የውኃና የትምህርት ቤት ሥራ ይውላል። በዚህ መንገድ ደኑን የጠበቀው መንደር የጠበቀበትን ዋጋ ያገኛል።

ግራና የካርቦን ገበያ እስኪመጣለት ድረስ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ለዚህ የሚሆን ሥርዐት በእጁ አለውና። በመስኖ በሚለማ የወሎ አገር ውኃውን በተራ የሚያከፋፍል፥ ቦዩ ሲደፈን ሰዉን ለጠረጋ የሚጠራ የውኃ አባት አለ። ውኃ የሚጠጣ ማሳ ያለው ሁሉ ለቦይ ጠረጋ ጕልበቱን ያዋጣል። ይህ የጕልበት መዋጮ ወንዝ ዳሩንም እንዲጨምር ቢደረግ፥ ማለት ከጠረጋው ቀኖች አንዱ ወይም ሁለቱ ለችግኝ ተከላና ለዳር ጥገና ቢመደቡ፥ ወጪው በተጠቃሚው ሁሉ ላይ በትክክል ይደለደላል። የዳሩ ሣር፥ ፍሬና የንብ ቀፎ ቦታ ደግሞ በዳሩ ማሳ ላለው ገበሬ ብቻ ቢተው፥ ለተሸከመው ጕዳት ካሣ ይሆነዋል። ከብት ችግኙን እንዳይረግጥም የውኃ መውረጃው መንገድ ተለይቶ መወሰን አለበት።

ሕጉም ለዚህ እንቅፋት አይሆንም። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197/1992 የወንዝ ዳር ወሰን እንዲከለልና በክልሉ ውስጥ ዛፍ መቍረጥም ሆነ ቤት መሥራት እንዲከለከል የሚያስችል ድንጋጌ አለው። ይሁን እንጂ በወረቀት የተጻፈው ክልከላ የሚጸናው የአካባቢው ሰው ሲስማማበት ነው። በወሎ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያና በመስጊድ ግቢ ያሉት፥ ሽማግሌም የሚቀመጥባቸው ዛፎች ሳይቈረጡ የኖሩት ጠባቂ ስለ ተቀጠረላቸው አይደለም፤ የጋራ መሆናቸውን ሁሉም ስላመነበት ነው። የወንዝ ዳር ዛፍም ከዚያ ተራ መግባት ይገባዋል።

7. የተማሪው ድርሻ

ለአንድ ነገር ዋጋ ለመስጠት በመጀመሪያ መለካት ያስፈልጋል። የታይላንድ ሒሳብ ክርክርን የዘጋው ቍጥር ስላቀረበ ነው። የግራና ወንዝ ዳርን ለመለካት የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። ዛፍ ባለበትና ዛፍ በሌለበት ዳር፥ ከወንዙ ጠርዝ በታወቀ ርቀት ችካል ተክሎ፥ በየዓመቱ ከክረምት በፊት በሰኔ፥ ከክረምት በኋላ ደግሞ በመስከረም፥ በሜትር ገመድ ርቀቱን መለካት ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዛፉን ዋጋ በሜትር ይናገራል፤ ሜትሩን ወደ ጥማድ፥ ጥማዱን ወደ ኵንታል፥ ኵንታሉን ወደ ብር መለወጥ ለማንም ተማሪ አይከብድም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲና በዚያው በሀብሩ ያለው የሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል ቅርብ በመሆናቸው ሥራው መካሪ አያጣም።

አንባቢዎቻችን፥ በተለይም የየጁና የራያ ተወላጆች የሆኑ ተማሪዎች፥ ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲሄዱ ይህን ልኬታ እንዲጀምሩ፥ የእርሻና የምጣኔ ሀብት መምህሮቻችንም የአለካኩን ደንብ እንዲያስተካክሉልን እንለምናለን። ገበሬው በዳሩ ላይ ያለውን ዛፍ ለመቍረጥም ሆነ ለማቆየት ሲወስን የእንጨቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የጥማዱንም ዋጋ ዐውቆ መወሰን እንዲችል፥ ቍጥሩን ልናቀርብለት ይገባናል።